ሰባት ሰከንድ በኤፍሬቲኮን

ፀጋዬ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ያለችው ሌዊስቪል ከገባ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ዓመታት የኖረው በቫን በሽተኛ ሲያመላልስ ነው። ከቤት ወደ ኩላሊት እጥበት፣ ከኩላሊት እጥበት ወደ ቤት፣ ከሆስፒታል ወደ ማገገሚያ። አርፍዶ አያውቅም። ዊልቸር ሲያስር ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ይፈትሻል። ስምሪት የሚሰጠው ዲስፓቸር «ከባድ ሰው ሲመጣብኝ ለአንተ ነው የምሰጠው» ይለዋል። ከባድ የሚለው ቁጡውን፣ ጆሮው የማይሰማውን፣ መንገድ ላይ የሚያስመልሰውን ነው።

በየካቲት አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ባዶ ቫን ይዞ በሠላሳ አምስት ሀይዌይ ሲመለስ አንድ ነገር ደረሰበት። የሐይቁን ድልድይ ሲጀምር ያስታውሳል። ቀጥሎ የሚያስታውሰው ከኋላው የጭነት መኪና ጥሩምባ ሲያንባርቅና ቫኑ ግማሽ ጎኑ ሌላ ሌይን ውስጥ ገብቶ ነው። በመካከሉ ያለው የለም። እንቅልፍ አልነበረም፤ እንቅልፍ ሲመጣ ሰው ያውቀዋል። ይህ ግን ሳይናገር መጥቶ ሳይናገር ነው የሄደው። መሪውን አቃንቶ በመጀመሪያው ኤግዚት ወጣ፤ አንድ ነዳጅ ማደያ ፓርክ አደረገ። ምሳ ስላልበላሁ ነው አለ ለራሱ። ሳንድዊች ገዝቶ በላና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሁለተኛው በመጋቢት መጀመሪያ መጣ። ጢሙን እየተላጨ ነበር፤ ሲነቃ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጧል፣ ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ ነው። ሚስቱ አረጋሽ ሥራ ሄዳለች። ማንም አላየውም።

ሦስተኛው ግን እትዬ ስርጉት ቫኑ ውስጥ እያሉ ነበር። እትዬ ስርጉት የሰባ አራት ዓመት ሴት ናቸው፤ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ኩላሊታቸውን ይታጠባሉ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ወስዶ የመለሳቸው ፀጋዬ ነው። የዚያን ቀን ቀይ መብራት ላይ ቆመው ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ቫኑ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ማስጮህ ጀመሩ።

«ፀጋዬ! ምነው ልጄ፣ ደከመህ እንዴ?»

የእሳቸው ድምፅ ነው የመለሰው። እግሩ ፍሬኑ ላይ ከብዶ ስለቀረ ብቻ ነው እንጂ መስቀለኛው መንገድ መካከል ይገቡ ነበር።

«ጸሎት እያደረስኩ ነው እትዬ» አላቸው።

እትዬ ስርጉት በመስተዋቱ አዩት።

ፀጋዬ ለሚስቱ ያልነገራት እንደማትፈቅድለት ስለሚያውቅ ነው። አረጋሽ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ስለ መውደቅና ስለ መሳት ብዙ ታውቃለች፤ ብትሰማ በዚያችው ሰዓት ቁልፉን ከኪሱ ታወጣለች። የሹፌርነት የጤና ካርዱ በነሐሴ ይታደሳል። እስከዚያ ይሻለኛል ይል ነበር። እስከዚያ በቀስታ እነዳለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ማታ ማታ ከበሽታው ሌላ የሚያስበው አንድ ነገር ሆነ፦ ቁልፉን ከወሰዱበት ዳላስ ውስጥ ምን ሊሆን ነው? ወተት ለመግዛት እንኳ መኪና በሚያስፈልግበት ሀገር ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚስቱን መምጣት ሲጠብቅ ታየው።

ልጁ ሳሮን ስዊዘርላንድ ነበር የምትኖረው። ለሥራ ወደ ዙሪክ ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚያው አግብታ በየካቲት መጨረሻ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ኖላዊ አሉት። አረጋሽ በመጋቢት አጋማሽ አራሷን ልትንከባከብ ሄዳ አምስት ሳምንት ቆይታ ተመልሳለች። አሁን የፀጋዬ ተራ ነው። የአንድ ወር ፈቃድ ሲጠይቅ ዲስፓቸሩ ገረመው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ከአሥር ቀን በላይ ጠይቆ አያውቅም። ሰዉ ሁሉ የልጅ ልጁን ሊያይ ቸኩሎ መሰለው። እውነት ነው፣ ቸኩሏል። ግን ከመሪው ለመራቅም ነበር የቸኮለው። አንድ ወር ካረፍኩ ይተወኛል ብሎ ነበር አውሮፕላን የተሳፈረው።

ሳሮን የምትኖርባት ኤፍሬቲኮን ከዙሪክ በባቡር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ከተማ ለማለት ታንሳለች፣ መንደር እንዳትባል ፎቆቿ ብዙ ናቸው። ጠዋት ሰዉ ቦርሳውን አንግቶ ወደ ጣቢያው ይጎርፋል፤ አመሻሽ ላይ ያው ሰው ተመልሶ ይወርዳል። በመካከሉ ከተማዋ የሽማግሌዎች፣ የእናቶችና የድመቶች ናት። ኮረብታው ላይ ከሲሚንቶ የተሠራ ማማው የሾለ ቤተ ክርስቲያን አለ። የመጨረሻው ፎቅ ሲያበቃ ሜዳው ይጀምራል፤ አንገታቸው ላይ ቃጭል ያንጠለጠሉ ላሞች ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ሰው ያያሉ።

የሳሮን ቤት ከጣቢያው ስድስት ደቂቃ በእግር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

«መኪናችሁን የት ነው ፓርክ የምታደርጉት?» አለ ፀጋዬ በመጀመሪያው ቀን፣ በበረንዳው ወደ ታች እያየ።

«መኪና የለንም አባዬ።»

«ልጅ ወልዳችሁም?»

«ምን ያደርግልናል?» ሳሮን ሳቀች። «እዚህ እኮ ሁሉም በባቡር ነው። ማለቴ፣ አንተ ራስህ ታየዋለህ።»

ሳሮን ቴክሳስ የገባችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ አልጠፋባትም፤ ስትናደድ ብቻ እንግሊዝኛው ይቀድማታል። ባሏ ሚኪያስ ደግሞ ልጅ ሆኖ ከእናቱ ጋር በርን ከተማ መጥቶ ያደገ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ባቡር ነጂ ነው። ዙሪክንና ዙሪያዋን የሚያገናኙትን ባቡሮች ይነዳል። ፀጋዬ ይህን መጀመሪያ በስልክ የሰማ ጊዜ በሆዱ ደስ ብሎት ነበር፤ በቤተሰቡ ውስጥ ከእሱ ሌላ ሹፌር ተገኘ።

ሳሮን ሕፃኑን አምጥታ ወደ አባቷ ዘረጋችው። ፀጋዬ መጀመሪያ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባውን አደላድሎ፣ ትራስ ከጎንና ከጎን አስደርጎ፣ ከዚያ ተቀበለው። ኖላዊ ሦስት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት የቀሩት፣ ግንባሩ ሰፊ፣ የማይነጫነጭ ልጅ ነበር። አያቱን አፍጥጦ አየው። የፀጋዬ ዓይን እንባ ሞላ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን «ነይ ውሰጂው» አለ።

እንዲህ ሆኖ ሳምንት አለፈ። ሳሮን እንቅልፍ አልነበራትም፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። «አባዬ፣ በጋሪ ትንሽ አዙረው፣ እኔ አንድ ሰዓት ልተኛ» ትለዋለች። ፀጋዬ «ወገቤን አሞኛል» ይላል። ልጁ አልቅሶ እሷ ገላዋን እየታጠበች ከሆነ፣ ከአልጋው ሳያነሳው አጠገቡ ተንበርክኮ በእጁ መታ መታ እያደረገ ያባብለዋል። ብቻውን ግን በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ይወጣና፣ ሜዳው ዳር ከላሞቹ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይመለሳል።

ቅዳሜ ሚኪያስ ሥራ ስላልነበረው ኪቡርግ የሚባለውን የድሮ ግንብ ሊያሳዩት ወሰዱት። ከኤፍሬቲኮን አውቶቡስ ይዘው ወጡ። ግንቡ ከወንዝ በላይ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ነው፤ ከሥሩ ጫካው ወደ ሸለቆው ይወርዳል። መንገዱ ዳር ቢጫ የመንገደኛ ምልክቶች ተተክለዋል፤ የሚያመለክቱት ኪሎ ሜትር ሳይሆን ስንት ሰዓት በእግር እንደሚያስኬድ ነው።

«ይኼ ጥሩ ነው» አለ ፀጋዬ። «እኛም ዳላስ እንደዚሁ ነን። ግሬፕቫይን ስንት ነው ቢሉህ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ሮውሌት ስንት ነው ቢሉህ አርባ። ማይል የሚጠራ ሰው የለም።»

ሚኪያስ ሳቀ። የዚያን ዕለት ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር፤ ግቢው ውስጥ እስኪደርሱ ድረስ። ግቢው በድንጋይ የተነጠፈ ነው። ሚኪያስ ቲኬት ሊቆርጥ ገባ። የሳሮን የቦርሳ ማንገቻ ተፈታና ዕቃዋ መሬት ተበተነ።

«አባዬ፣ ያዘው አንዴ» ብላ ሕፃኑን ዘረጋችለት።

ፀጋዬ ወደ ኋላ ሸሸ። ሁለት እጁን ጀርባው ላይ አደረገ።

«ሚኪያስ ይምጣ» አለ።

ሳሮን ልጁን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች። ከዚያ ሕፃኑን ደረቷ ላይ መልሳ በአንድ እጇ ዕቃዋን ለቀመች። ግንቡን አይተው በአውቶቡስ ተመለሱ።

ቤት እንደገቡ ሳሮን ኩሽና ውስጥ ብቻውን አገኘችው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኖላዊን አልወደድከውም?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ቆመህ አቅፈኸው አታውቅም። ሶፋ ላይ ብቻ፣ ያውም እኔ ጎንህ ስሆን። ጋሪውን እንኳን አትነካም። እማዬ እዚህ እያለች ከእቅፏ ወርዶ አያውቅም ነበር። በሚኪ ምክንያት ነው? ማለቴ፣ ሌላ ሰው እንዳገባ ነበር የምትፈልገው?»

«እሱማ ወርቅ ነው!»

«ሶ ምንድን ነው?»

ፀጋዬ እውነቱ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ሳሮንን አየ። የደከመ ፊቷን አየ። «ወገቤ ነው አልኩሽ እኮ» አለ።

«ኦኬ» አለች ሳሮን። ያቺን ኦኬ ፀጋዬ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ያውቃታል። በር ስትዘጋ የምትላት ናት።

ሰኞ ቀትር ላይ ሚኪያስ ጠዋት የጀመረውን ፈረቃ ቪንተርቱር ጣቢያ ላይ ይጨርስ ነበር። «ይምጡና ባቡሬን ላሳይዎት፤ አብረን ምሳ በልተን እንመለሳለን» ብሎት ስለነበር ፀጋዬ ብቻውን አሥር ደቂቃ በባቡር ሄዶ መድረኩ ላይ ጠበቀው። ባቡሩ በሰዓቱ ገባ። ሚኪያስ ከነጂው ክፍል ብቅ አለ፤ የሚረከበው ነጂ እስኪመጣ ጥቂት ደቂቃ ስለነበራቸው በሩን ከፍቶ ከመድረኩ ላይ ሆኖ እንዲያይ አደረገው። ወንበሩ፣ መስኮቱ፣ ቁልፎቹ።

«ያቺ ምንድን ናት?» አለ ፀጋዬ። ከወንበሩ ሥር ሰፊ ፔዳል ነበር። «ፍሬን ናት?»

«ፍሬን አይደለችም ጋሽ ፀጋዬ። እግሬ እሷ ላይ ካልሆነ ባቡሩ አይሄድም። ካነሳሁ መጀመሪያ ይጮህብኛል። ካልመለስኩ ባቡሩ ራሱ ፍሬን ይዞ ይቆማል። ሰው ነንና፣ አንድ ነገር ብሆን እንኳ ከኋላዬ ያሉት ቤታቸው ይገባሉ።»

ፀጋዬ ከፔዳሏ ላይ ዓይኑን ማንሳት አቃተው።

«ደርሶ ያውቃል?»

«በእኔ አልደረሰም። አንድ የሥራ ጓደኛዬ ግን ራሱን ስቶ ያውቃል። ባቡሩ ሜዳ ላይ ቆመ። ማንም አልተጎዳም።»

«ሰውየውስ?»

«ታከመ። ጥቂት ወር ቢሮ ሠራ፣ ከዚያ ተመለሰ። ትናንት አብረን ሻይ ጠጥተናል።»

«ተመለሰ? መንዳቱን አልከለከሉትም?»

ሚኪያስ ዞር ብሎ አማቱን አየው። የሚረከበው ነጂ መጣ፤ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ባቡሩ ሄደ። መድረኩ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ጋሽ ፀጋዬ፣ ለምን ጠየቁኝ?»

«ቫን እንደዚህ ያለ ነገር የለውም» አለ ፀጋዬ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉንም ነገረው። ድልድዩን፣ የጭነት መኪናውን፣ መታጠቢያ ቤቱን። እትዬ ስርጉት ጋ ሲደርስ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ሰው ይዤ ነበር። የታመመች አሮጊት ይዤ ነበር፤ በሚቀጥለው ቀጠሮዋም ይዣት ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ነዳሁ።»

ሚኪያስ ምንም አልመከረውም። አጠገቡ ተቀመጠና «ኖላዊን የማይዙት ለዚህ ነው» አለ።

«ከእጄ ቢወድቅስ?»

ሚኪያስ ወደ ሐዲዱ ዞሮ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «እኔና ሳሮን ሌላ ነበር ያሰብነው። ይቅር ይበሉን። ግን ዛሬውኑ ይንገሯት። እርስዎ ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ፤ እንዳይቀየሙኝ።»

«አንተ አትንገራት። የእኔ ነው።»

ምሳ ሳይበሉ ተመለሱ። ፀጋዬ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ለሳሮን ነገራት። ስትሰማ መጀመሪያ ትከሻዋ ወረደ፤ «ኦ ጎድ፣ አባዬ» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «እኔ እኮ ልጄን ጠላው ብዬ...» አለቀሰች። ከዚያ ቀና አለች።

«እትዬ ስርጉትን ይዘህ? ሠላሳ አምስት ላይ?»

«አዎ።»

«ብትገድላቸውስ? አንተስ ብትሞት? ለእማዬ ማን ነው ኮል የሚያደርገው?» አሁን ከአማርኛው ይልቅ እንግሊዝኛው በዝቶ ወረደበት፤ ፀጋዬ ግድግዳውን ተደግፎ ሁሉንም ተቀበለ። ስትጨርስ ተነፈሰች፣ ፊቷን ጠረገች፣ ለቤተሰብ ሐኪማቸው ደውላ ቀጠሮ ያዘች።

ሐኪሟ ከዳቦ ቤት በላይ ያለች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። በማግስቱ ጠዋት ደረቱ ላይ ሽቦ ለጥፋ የልቡን ምት በወረቀት አወጣች። ወረቀቱ ደህና ነበር። ፀጋዬ በልቡ «አላልኳችሁም?» ሊል ቃጣው። ሐኪሟ ግን አልተቀበለችውም። ቀንና ሌሊት የልብ ምት የሚቀዳ ትንሽ መሣሪያ ደረቱ ላይ አስራ፣ ብቻህን አትውጣ፣ ደረጃ ስትወርድ ያዝ፣ ሦስት ቀን እንጠብቅ አለችው።

ሦስት ቀን አልወሰደም። ረቡዕ ሚኪያስ ኖላዊን በጋሪ ይዞ፣ ሳሮን እንድትተኛ ብለው ሦስቱ ወንዶች በባቡር ወደ ፕፌፊኮን ሐይቅ ሄዱ። ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው፤ ዙሪያውን ሸምበቆ ከቦታል፤ ከወዲያ ማዶ በረዶ ያልለቀቃቸው ተራሮች ይታያሉ። ውሃው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሚኪያስ ስለ ዳክዬዎቹ አንድ ነገር እያወራ ነበር።

ፀጋዬ ሲነቃ የሚኪያስ ክንድ በደረቱ ዙሪያ ነው። አንዲት የማያውቃት አሮጊት የውሃ ጠርሙስ ይዛ ከፊቱ አጎንብሳለች። ጋሪው ፍሬኑ ተይዞ እንደቆመ ነው፤ ኖላዊ ተኝቷል።

«ሄድኩ?» አለ ፀጋዬ።

«ሄዱ» አለ ሚኪያስ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ያዝኩዎት።»

ከሰዓት በኋላ ቪንተርቱር ሆስፒታል ነበሩ። የልብ ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በቀስታ እንግሊዝኛ አስረዳው። ሳሮን ኖላዊን ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሐኪሙ መሣሪያው የቀዳውን በስክሪን አሳያቸው። ተራ ተራ የሆኑ ጉብታዎች፣ ጉብታዎች፣ ከዚያ ቀጥ ያለ መስመር። ከዚያ እንደገና ጉብታዎች።

«ይህ ባዶው ሰባት ሰከንድ ነው» አለ ሐኪሙ። «ትናንትም አራት አራት ሰከንድ የሆኑ ሁለት አሉ፤ አልተሰማዎትም።»

«ጭንቅላቴ ውስጥ ዕጢ አለ ማለት ነው?» ፀጋዬ በየሌሊቱ ሲያስበው የከረመውን ነው የጠየቀው።

«የለም። ልብዎም አልደከመም፤ ጡንቻው ጤነኛ ነው። ልብዎን ምታ ብሎ የሚያዘው መስመር ነው አንዳንዴ የሚቋረጠው። አንዲት ትንሽ መሣሪያ ከቆዳ ሥር እናስገባለን፤ ልብዎ ሲዘገይ እሷ ታስታውሰዋለች።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ነገ ጠዋት።»

ፀጋዬ ሳቀ። ከየካቲት ጀምሮ የሳቀው የመጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ አልጋው ተንቀጠቀጠ፤ ሳሮንም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች፤ ሐኪሙም ምክንያቱ ሳይገባው ፈገግ አለ። ከዚያ ፀጋዬ በአእምሮው ማስላት ጀመረ። ሹፌር ነውና ሳያስበው ነው የሚያሰላው። በሀይዌይ ሰባት ሰከንድ ሁለት የኳስ ሜዳ ያህል ነው። ሁለት የኳስ ሜዳ ያለ ሹፌር። ሳቁ አቆመ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳሮን እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች።

በማግስቱ መሣሪያዋን ማስገባቱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ነቅቶ ነበር፤ ሐኪሞቹ በጀርመንኛ ሲያወሩ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ሾርባ ጠጣና ስልኩን ጠየቀ። መጀመሪያ አረጋሽ ጋ ደወለ። ዳላስ ገና እየነጋ ነበር።

አረጋሽ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ከዚያ ስድቡን ጀመረች። አንተ ደረቅ፣ አንተ ግትር፣ መታጠቢያ ቤት ወድቀህ ሳሙናውን አጥበህ ዝም ትላለህ? እኔ የሰው ሽማግሌ ቀን ሙሉ ስጠብቅ የራሴ ሽማግሌ ቤቴ ውስጥ ይወድቃል? ትንፋሽ ሲያጥራት «አሁን ታዲያ ምን ይሰማሃል?» አለች።

«ቀለለኝ» አለ። «አረጋሽ፣ ሙች ስልሽ፣ በጣም ቀለለኝ።»

«ስለ ሞት አታውራብኝ!» አለችና ሁለቱም ሳቁ፤ እሷ ሳቁ መካከል አለቀሰች።

ቀጥሎ ዲስፓቸሩ ጋ ደወለ። ምንም ሳይደብቅ፣ ቀኑን ጭምር ቆጥሮ ነገረው። ይህን ሲያደርግ ሥራው ያበቃለት መስሎት ነበር። ሰውየው በጣም ተቆጣ። ይህን ሪፖርት ማድረግ አለብኝ አለው። ፀጋዬ አድርግ አለ። ሰውየው ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ግን «ሐኪም ፈርሞ ካመጣህ እንነጋገራለን። እስከዚያ እዚህ ስልክ የሚያነሳ ሰው ያስፈልገኛል፤ ሽማግሌዎቹን እንደ አንተ የሚያውቅ የለም» አለው።

የመጨረሻው ስልክ ከሁሉም ከበደው። ለእትዬ ስርጉት የደወለው በማግስቱ ነው።

«እትዬ፣ ያን ቀን መብራት ላይ ጸሎት አልነበረም» አላቸው።

«አውቄያለሁ» አሉ እትዬ ስርጉት።

«ያውቃሉ?»

«ጸሎት የሚያደርስ ሰው አፉ ይንቀሳቀሳል። የአንተ ዓይንህም አፍህም ቆሞ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለአረጋሽ ለምን አልነገሯትም?»

«ልነግራት ነበር። ሁለት ጊዜ ስልክ አንስቻለሁ። ከዚያ እሱን ቢከለክሉት ማን ሊወስደኝ ነው ብዬ ተውኩት። ከአንተ በፊት የነበረው ልጅ ስሜን እንኳ አይጠራም ነበር። አንተ እኔን ደበቅከኝ፣ እኔ አንተን ደበቅሁህ። እግዚአብሔር ሁለታችንንም ታገሠን።»

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ።»

«አንተም ይቅር በለኝ። አሁን የምትወስደኝ አንዲት ሴት ናት፤ ስሜን ሲርጊ ትለኛለች፣ ይሁን። ደህና ነኝ። ልጅየው እንዴት ነው? ያንተን አፍንጫ ነው የወሰደው አሉ።»

ቅዳሜ ከሆስፒታል ወጣ። ግራ እጁን ለጥቂት ሳምንት ከትከሻ በላይ እንዳያነሳና ከባድ እንዳይሸከም አዘውታል፤ ሕፃን በቀኝ ክንድ ማቀፍ ግን አልተከለከለም። ሳሮን በሩን እንደዘጋች ኖላዊን በቀኝ ክንዱ ላይ አኖረችለት። ፀጋዬ ቆሞ ያዘው። ወደ በረንዳው ወጣ፤ ተመለሰ፤ ኮሪደሩን ሄዶ መጣ። ክብደቱን ገና ያን ጊዜ ነው ያወቀው። ሶፋ ላይ ልጅ አይመዘንም። «ይኼ ጎረምሳ እኮ ነው!» እያለ ቤቱን አዞረው። ሳሮን አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ሦስት ሰዓት ተኛች፤ ከወለደች ወዲህ እንዲህ ተኝታ አታውቅም።

በቀሩት ቀናት አያትና የልጅ ልጅ በጋሪ ኤፍሬቲኮንን አዳረሷት። ሚኪያስ እንደማይሆን ቢነግረውም ፀጋዬ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም ይል ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ሰዎቹ ቀድመው ሰላም ይሉት ጀመር። ዝናብ ቢመጣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ይገባሉ። አንድ ቀን ተሳስቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚሄድ ባቡር ተሳፈረና ስሙን በማያውቀው መንደር ወረደ። አልተጨነቀም። ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ መመለሻው መጣ። ለሳሮን ደውሎ «ጠፍተን ነበር፣ ተገኝተናል» አላት።

ፈቃዱ ሲያልቅ ሐኪሙ ለመብረር ፈቀደለት፤ ለሌዊስቪሉ ሐኪም የሚሰጥ ወረቀትም ጻፈለት። ሚኪያስ እስከ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘው። ሲለያዩ ሚኪያስ እጅ ሊነሳ ጎንበስ ሲል ፀጋዬ ቀና አድርጎ በቀኝ እጁ አቀፈው፤ ብዙ ጊዜ አልለቀቀውም።

ዳላስ ሲያርፍ የሰኔ አጋማሽ አልፎ፣ ሙቀቱ በርትቶ ነበር። አረጋሽ መድረሻው በር ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ደረቱን ነካችው፤ ከሸሚዙ ሥር ያለችውን ትንሽ እብጠት በጣቷ ዳበሰቻት። ከዚያ ፊቱን አየች። ሻንጣውን ልትቀበለው ስትል አልሰጥም አላለም።

መኪናው ጋ ሲደርሱ አረጋሽ ሹፌሩ ወንበር ላይ ገባች፤ እሱም ዞሮ ጎኗ ተቀመጠና ቀበቶውን አሰረ። በግሬፕቫይን በኩል ወጡ። አረጋሽ የቤተ ክርስቲያኑን ወሬ፣ የጎረቤቱን፣ የሥራዋን ታወራለች፤ ሌይን ስትቀይር ምልክት ማሳየት ትረሳለች። ፀጋዬ አንዴም አልተናገራትም። የኤሲው ንፋስ ፊቱ ላይ እየመጣ፣ የእሷን ድምፅ እየሰማ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ይህ ሲመጣ የሚያውቀው እንቅልፍ ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው የወሰደው።

አረጋሽ ወሬዋን አቋርጣ ጆሮዋን ሰጠች። ያንኮራፋል። ቤት ስትደርስ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ፓርክ አደረገች፤ ሞተሩን አላጠፋችም፤ ኤሲው እንዳይቆም። ስልኳን አውጥታ ድምፁን ቀነሰችና ለሳሮን «ገብተናል፤ ተኝቷል» ብላ ጻፈችላት። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ እስኪነቃ ድረስ አጠገቡ ቆየች።